መቁጠር ያቆሙ ቁጥሮች

በአዲስ አበባ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ ውስጥ በሚገኘው አንዋር መስጊድ ሰፈር፣ ሻጭና ገዢ በቤታቸው ስልጥኛ፣ ጉራግኛ፣ ሐረሪ፣ ኦሮምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ቢናገሩም፣ ዋጋው፣ ቀብዱና መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው በአማርኛ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እየተባለ ነው። በጽሑፍ ግን ሰፈሩ አንድ ዓይነት አኃዝ፣ ማለትም አንድ ዓይነት የቁጥር ምልክት፣ ብቻ አይጠቀምም፤ በመስጊዱ በሚቀራው ቁርዓን የአንቀጾቹ ተራ በዐረብኛ አኃዞች ሲለይ፣ ከመስጊዱ ብዙም በማይርቀው በቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን የሚነበቡት መጻሕፍት ምዕራፎቻቸውን በግዕዝ አኃዞች ይቆጥራሉ፤ ከሁለቱ መካከል በተዘረጋው ገበያ ደግሞ የዋጋ ወረቀቱ፣ ደረሰኙና የስልክ ቁጥሩ ዓለም በሚጋራቸው አኃዞች ይጻፋሉ። ይህ የምልክቶች ብዛት ለዓይን ግልጽ ስለሆነ ማንም ያስተውለዋል። በቀላሉ የማይታየው በንግግር ውስጥ የተሸሸገው ሌላው ብዛት ነው፤ በዚሁ ገበያ በየሰዓቱ ከሚነገሩት ቃላት መካከል ከጥንታዊ ቋንቋዎች የተረፉ፣ ቁጥርነታቸው የተረሳ፣ ይሁን እንጂ በየቀኑ ሥራ ላይ የሚውሉ የቁጥር ቃላት እጅግ ብዙ ናቸው።

አንድ ሕዝብ ቋንቋውን ሲለውጥ ወይም ቋንቋው ራሱ በዘመናት ሲለወጥ የቀድሞው ቁጥር ከመቁጠሪያነት ይወገዳል፤ ምክንያቱም መቁጠር በሁለት ሰዎች መካከል አለመግባባትን የማይፈቅድ ሥራ በመሆኑ ሁለት ተፎካካሪ የቁጥር ስልቶች በአንድ ገበያ ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን መኖራቸው ያስቸግራል። ነገር ግን የቀድሞው ቁጥር አስቀድሞ ለአንድ ለተወሰነ ነገር፣ ለቀን፣ ለድርሻ፣ ለሥርዓት ወይም ለሚዛን፣ መጠሪያ ሆኖ ከነበረ በዚያ ቦታ ይጸናል፤ ተናጋሪው ቁጥር መሆኑን ስለማያስብ አይተካውም። ከዚህ ወጣ የሚል ምሳሌ ተደርጎ ዘወትር የሚጠቀሰው በሰሜን እንግሊዝ ኮረብታማ ቦታዎች የነበሩ እረኞች በጎቻቸውን «ያን፣ ታን፣ ቴተራ» እያሉ የቆጠሩበት ስልት ሲሆን፣ ቃላቱ እንግሊዝኛ ወደዚያ ከመድረሱ በፊት ይነገር ለነበረው ለዌልስ ቋንቋ ቤተሰብ የቀረቡ ናቸው። ምሁራን ቃላቱ ከጥንት ሳይቋረጡ የተወረሱ ናቸው ወይስ ቆይተው ከዌልስ የገቡ በሚለው ቢከራከሩም፣ እዚያም ቢሆን ስልቱ በበግና በሹራብ ሥራ ዙሪያ ታጥሮ የቀረ እንጂ ለዕለታዊ ሒሳብ የሚያገለግል አልነበረም።

በኢትዮጵያ ከሁሉም የሚያስገርመው የ«ሁለት» ታሪክ ነው። አማርኛ፣ ግዕዝ፣ ትግርኛ፣ የጉራጌ ቋንቋዎች፣ ስልጥኛ፣ ሐረሪ፣ ዐረብኛና ዕብራይስጥ ሴማዊ ከሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ የሚመደቡ በመሆናቸው ቁጥሮቻቸው በብዛት ይመሳሰላሉ፤ ሦስትን፣ አምስትን ወይም ሰባትን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ማወዳደር ለጀማሪም አያስቸግርም። ሁለት ግን ከዚህ ተራ ትወጣለች። ዐረብኛ «ኢስናን»፣ ዕብራይስጥ «ሽናይም» ሲሉ በሁለቱም ውስጥ የሚሰማው ከጥንታዊው ሴማዊ የወረደ አንድ ሥር ነው፤ ግዕዝ ግን ይህን ሥር ከመቁጠሪያነት ጥሎ በምትኩ «ክልኤ» የሚለውን ወሰደ፤ ይህም በዐረብኛ «ኪላ»፣ ማለትም «ሁለቱም»፣ ከሚለው ቃል ጋር ዘመድ ነው። የአማርኛው «ሁለት» ከዚህ ከ«ክልኤት» ዓይነቱ መልክ የመጣ እንደሆነ የቋንቋ ሊቃውንት ያስረዳሉ፤ መነሻው «ክ» ላልቶ ወደ «ኸ»፣ ከዚያም ወደ «ሀ» ተለውጧል። ይህን ለውጥ ለመከታተል የድንጋይ ጽሑፍ መቆፈር አያስፈልግም፤ በአንዋር መስጊድ ዙሪያ የሚነገሩትን ቋንቋዎች ማዳመጥ ይበቃል። ሐረሪ «ኮኦት» ብሎ የጥንቱን «ክ» ሳይለቅ ይዟል፤ ከጉራጌ ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ቸሃ «ኌት» ሲል ድምፁ ከላንቃ ወደ ጉሮሮ ሲንሸራተት ይሰማል፤ ስልጥኛ «ሆሽት»፣ አማርኛም «ሁለት» ሲሉ «ክ» ጨርሳ ጠፍታለች። አንድ ቃል በሺህ ዓመታት ያለፈበት መንገድ በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ጊዜ፣ በተለያዩ ሰዎች አፍ ይነገራል ማለት ነው።

ታዲያ የተጣለው የጥንቱ ሁለት የት ገባ? ሰኞ ውስጥ ገባ። የግዕዙ የሳምንት ቀናት ስም ከእሑድ ጀምሮ በቁጥር የተሠራ ነው፤ «እሑድ» ከ«አሐዱ» አንደኛው ቀን፣ «ሰኑይ» ሁለተኛው፣ «ሠሉስ» ሦስተኛው፣ «ረቡዕ» አራተኛው፣ «ሐሙስ» አምስተኛው ቀን ናቸው። «ሰኑይ» የሚለው ቃል ሥር ዐረብኛ «ኢስናን» የሚለው ያው የጥንቱ ሁለት ሲሆን፣ የአማርኛው «ሰኞ» ከእርሱ የወረደ ነው፤ በዐረብኛም ሰኞ «አል-ኢስነይን» ስለሚባል፣ ሰኞና ሐሙስ የሱና ጾም የሚጾም የሰፈሩ ሙስሊም የቀኑን ስም በአማርኛም ጠራው በዐረብኛ ያንኑ አንድ ሥር ይጠራል። በዜና መዋዕሎችና በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት «ማግሥት» ለማለት የሚገባው «ሳኒታ» የሚለው ቃልም ከዚሁ ሥር የመጣ፣ በመሠረቱ «ሁለተኛዋ ቀን» ማለት ነው። ግዕዝ ራሱ ሲቆጥር «ክልኤቱ» እያለ፣ ቀኑን ሲጠራ ግን ከራሱ የቀደመውን ቁጥር ጠብቆ ማቆየቱ፣ ቁጥር ስም ከሆነ በኋላ ከለውጥ እንደሚያመልጥ ከሚያሳዩት ማስረጃዎች ሁሉ የጠራው ነው።

ከቀናቱ መካከል አማርኛ ያልያዘው «ሠሉስ»ን ነው። ትግርኛ «ሰሉስ» ብሎ ሲቀጥል አማርኛ በምትኩ «ማክሰኞ» ይላል፤ ይህም «ማግሥተ ሰኞ»፣ ማለትም የሰኞ ማግሥት፣ ከሚለው የተሳሳበ ነው ተብሎ ይተረጎማል፤ በመሆኑም የሁለተኛው ቀን ስም የራሱን ቁጥር ጠብቆ የሦስተኛውንም ቦታ ወስዷል። ዓርብና ቅዳሜ ከመጀመሪያውም የቁጥር ስም አልነበራቸውም፤ ዓርብ የፀሐይ መግባትንና የሰንበትን ዋዜማ፣ ቅዳሜ ቀዳሚነትን የሚያመለክቱ ሲሆኑ፣ በመስጊዱ ዓርብን የሚለየው «ጁምዓ» የሚለው ስምም መሰብሰብን እንጂ ቁጥርን አይናገርም።

ቀናቱን የሚሰበስበው ቃል ራሱ ሌላ እንቆቅልሽ ነው። ሳምንት ሰባት ቀን መሆኑን የማያውቅ የለም፤ «ሳምንት» ግን ከ«ስምንት» ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው፤ የግዕዙም «ሰሙን»፣ «ሰሙነ ሕማማት» በሚለው ስም እስከ ዛሬ የሚሰማው፣ ከስምንት የተሠራ ነው። ስሕተት ያለበት የሚመስለው ይህ አሠያየም የጥንቱን የአቆጣጠር ልማድ ሲያስቡት ይፈታል፤ በዚያ ልማድ ቆጣሪው የተነሣበትንም የደረሰበትንም ቀን ስለሚያስገባ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስምንት ቀን ይሆናል። ክርስቶስ ዓርብ ተሰቅሎ እሑድ ሲነሣ «በሦስተኛው ቀን» የሚባለው፣ ከቀብር በኋላ የሚደረገውም «ሠልስት» የቀብሩን ቀን ጨምሮ የሚቆጠረው በዚሁ ልማድ ነው። ፈረንሳዮች ሳምንትን «ስምንት ቀን» ማለታቸው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የጥንት ሮማውያን ደግሞ በየስምንት ቀኑ የሚውለውን የገበያ ቀናቸውን ከዘጠኝ በተሠራ ስም «ኑንዲናይ» ይሉት ነበር። በመርካቶ «የዛሬ ሳምንት እከፍላለሁ» ብሎ ዱቤ የሚወስድ ደንበኛ በቃሉ ስምንት፣ በሐሳቡ ሰባት ይቆጥራል፤ አበዳሪውም እንዲሁ፤ ስለዚህ ሁለቱ አይጣሉም።

ቁጥር በስም ውስጥ ከሚደበቅባቸው ቦታዎች ሁሉ ሰፊው ክፍልፋይ፣ ማለትም ከአንድ ሙሉ ነገር የሚወሰድ ድርሻ ነው፤ ድርሻ ባለበት ግብር፣ ውርስና ክርክር ስላለ ቃላቱ በሕግና በሥርዓት ይጠበቃሉ። አማርኛ ለሦስተኛ እጅ «ሲሶ»፣ ለአራተኛ እጅ «እርቦ» የሚሉ ቃላት አሉት፤ ሁለቱም የሦስትንና የአራትን ጥንታዊ ሥሮች ይዘዋል። በዐፄዎቹ ዘመን በደቡብ አገሮች ለባላባት የተተወው የመሬት ድርሻ «ሲሶ» ይባል ነበር፤ ጪሰኛው ለባለ መሬት በሚያካፍለው ምርት መጠንም እኩል አራሽ፣ ሲሶ አራሽ፣ እርቦ አራሽ ተብሎ ይለይ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ እነዚህ ስሞች የሚገልጹት የኑሮ ሥርዓት ፈረሰ፤ ከዚያ ወዲህ «እርቦ» ከከተማ ሰው አፍ እየጠፋ ሲሄድ፣ «ሲሶ» ግን ያለ መሬት ብቻውን ሊኖር ችሏል። «አሥራት»ም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶታል፤ ከምርት አንድ አሥረኛ ሆኖ ለመንግሥት ይከፈል የነበረው ግብር በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ሲተካ ቃሉ ከመንግሥት መዝገብ ወጣ፤ በቤተ ክርስቲያን ግን ምእመናን ከገቢያቸው የሚሰጡት «አሥራት በኵራት» አሁንም በዚሁ ስም ይጠራል።

በአንዋር መስጊድ በኩል ያለው የክፍልፋይ ስም የበለጠ የተሟላ ነው። ዘካ፣ ማለትም ንብረቱ ከተወሰነ መጠን ያለፈ ሙስሊም በየዓመቱ የሚያወጣው ግዴታ፣ ከገንዘብና ከንግድ ዕቃ 2.5 በመቶ ሲሆን፣ የፊቅህ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ፣ ሊቃውንት ይህን መጠን በመቶኛ ሳይሆን «ሩብዕ ዑሽር»፣ ማለትም የአንድ አሥረኛ ሩብ፣ ብለው ይጠሩታል፤ በዝናብ ብቻ ከበቀለ እህል የሚወጣው ደግሞ ሙሉ ዑሽር፣ አንድ አሥረኛ ነው። «ዑሽር»ና «አሥራት» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ የራጉኤል ምእመንና የአንዋር ሰጋጅ ስለ አሥረኛ እጅ ሲያወሩ ሃይማኖታቸው ቢለያይም ቃላቸው ዘመድ ነው። የውርስ ሕግም እንዲሁ በክፍልፋይ ስሞች የቆመ ነው። ቁርዓን የሚወስናቸው ድርሻዎች ስድስት ሲሆኑ፣ እነርሱም ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ሲሶና ስድስተኛ ናቸው፤ ለምሳሌ ባሏ ልጅ ትቶ የሞተባት ሚስት የምትወርሰው «ሱሙን»፣ ማለትም ስምንተኛ እጅ ሲሆን፣ ልጅ ከሌለው ድርሻዋ «ሩብዕ» ይሆናል፤ ማንም ሰው በኑዛዜ ከንብረቱ ከ«ሱሉስ»፣ ማለትም ከሲሶ፣ በላይ መስጠት አይችልም። ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ እንዲህ ያሉ ጉዳዮች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 በተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ስለሚታዩ፣ ቃላቱ የመድረሳ ትምህርት ብቻ ሆነው አልቀሩም፤ ቤትና ሱቅ ይከፋፈልባቸዋል።

ስምንተኛ እጅ በአንድ ወቅት በኢትዮጵያውያን ኪስ ውስጥም ነበረ። ዐፄ ምኒልክ በፓሪስ አስመትተው 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት ያስቀረጹባቸው ሳንቲሞች ከብር በታች «አላድ»፣ «ሩብ»ና «ተሙን» እየተባሉ ሲወርዱ፣ «ተሙን» የብር ስምንተኛ ነበር፤ ስሙም ሱሙን ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው። ያ ገንዘብ ከጠፋ ቆይቷል። «ሩብ» ግን ሥሩ በግዕዝም በዐረብኛም ስላለ ከየትኛው እንደመጣ የሚጠይቀው ሳይኖር በሰዓት ላይ ተቀምጧል፤ «ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ» የማይል የከተማ ሰው የለም። ከዚያ በኋላ የመጣው የ25 ሳንቲም ስም «ስሙኒ» ነው፤ ድምፁ ስምንትን ቢያስታውስም ዋጋው የብር አራተኛ ስለሆነ፣ ስሙን በሒሳብ ለመፈተን የሚሞክር ሰው «ሳምንት»ን ሲፈትን ከሚቸገረው ይበልጥ ይቸገራል። ሃምሳ ሳንቲም «ሽልንግ» የተባለው ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ በአገሪቱ ይዘዋወር የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዲስ ብር ሲተካ አንዱ ብር ሁለት ሽልንግ ስለነበር፣ ግማሹን ብር የሄደው ገንዘብ ስም ወረሰው። «ሳንቲም» ራሱም የተሠራው ከላቲኑ «መቶ» ነው። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የወጡት ሳንቲሞች በአማርኛ «መቶኛ» ተብለው ነበር፤ ትርጉሙ ለሁሉም ግልጽ የሆነው ይህ ስም ተረስቶ፣ ትርጉሙ ለማንም ግልጽ ያልሆነው ባዕድ ስም ጸና። ስም የሚጸናው በግልጽነቱ አለመሆኑን ከዚህ ይበልጥ የሚያሳይ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

መርካቶ ስሙን ያገኘው በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ከተማይቱን የያዙት ጣሊያኖች ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ አዛውረው «የአገሬው ገበያ» ብለው በቋንቋቸው ከሰየሙበት ጊዜ ስለሆነ፣ በጅምላ ንግዱ ውስጥ የአውሮፓ ቃላት መብዛታቸው አያስደንቅም። የሚያስደንቀው እነዚህም ቃላት ቢሰነጠቁ በውስጣቸው ቁጥር መገኘቱ ነው። በርበሬና እህል የሚለካበት «ኩንታል» መቶ ኪሎ ሲሆን፣ ቃሉም መነሻው የላቲን «መቶ» ነው፤ ከላቲን ወደ ዐረብኛ ገብቶ «ቂንጣር» ተባለ፣ ከዐረብኛ ተመልሶ ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ተሻገረ፣ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በዚህ ሁሉ ጉዞ መቶነቱን አልጣለም። «ኪሎ» የግሪክ «ሺህ» ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው «አራት ኪሎ» ሲል በአማርኛ አራትን፣ በግሪክ ሺህን ይናገራል። ካልሲና እርሳስ በጅምላ የሚሸጥበት «ደርዘን» ከላቲኑ አሥራ ሁለት የወጣ ነው። ወርቅ ይመዘንበት የነበረው፣ ክብደቱም 28 ግራም ገደማ ከሚመዝነው ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋር የተቀራረበው «ወቄት» ደግሞ ከዐረብኛና ከግሪክ አልፎ ሲመረመር ላቲኖች አንድ አሥራ ሁለተኛ እጅን ይጠሩበት የነበረው ቃል ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህ ደርዘንና ወቄት፣ አንዱ ሙሉውን ሌላው ክፍልፋዩን ይዘው፣ በአንድ ገበያ የተገናኙ የአሥራ ሁለት ዘሮች ናቸው።

ከግዕዝ በቀጥታ የተወሰዱት የቁጥር ቃላት ከእነዚህ ይልቅ ይታወቃሉና ረጅም ማብራሪያ አይሹም። ፊደል የቆጠረ ሕፃን ሁሉ «ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ» እያለ ሰባቱን የፊደል መደቦች ሲጠራ፣ ከመጀመሪያው በቀር ሌሎቹ የግዕዝ የተራ ቁጥሮች ናቸው፤ «ካዕብ» መደረብን ከሚያመለክት ሥር የመጣ ስለሆነ ግዕዝ ለሁለተኛ ከነበሩት ስሞች አንዱ ነው፤ ሌላው «ዳግም» በዳግማዊ ምኒልክና በዳግም ትንሣኤ ውስጥ ይገኛል። ሰባት ቀን የሚያዘው ጸሎት «ሱባዔ»፣ ግማሹ ዓመት «መንፈቅ»፣ አሥሩ ዓመት «አሥርት»፣ መቶው «ምእት» መባላቸውም ከዚያው ነው። ግዕዝ አሥር ሺህን የሚቆጥርበት «እልፍ» ግን ከተወሰነ መጠንነት ወጥቶ ዛሬ ስፍር ቁጥር የሌለው ብዛት ማለት ሆኗል፤ «እልፍ ጊዜ ነገርኩህ» የሚል ሰው ፲ ሺህ ጊዜ መናገሩን እንዲያስረዳ የሚጠይቀው የለም።

የግዕዝ አቆጣጠር በሙሉ ሥልቱ፣ በነጠላ ቃል ሳይሆን በአሠራሩ፣ ተርፎ የሚገኝበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም የዓመተ ምሕረት አነባበብ ነው። ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የንጉሥ ኢዛና ጽሑፎች ጀምሮ የሚታወቁትና ከግሪክ ፊደላት የተወሰዱት የግዕዝ አኃዞች ዜሮም ሆነ ለሺህ የተለየ ምልክት የላቸውም፤ ቋንቋውም ሺህን «ዐሠርቱ ምእት»፣ አሥር መቶ፣ ብሎ ይጠራዋል፤ ስለዚህ 1966 በግዕዝ ፲፱፻፷፮ ተብሎ፣ ከመቶው ምልክት በፊት አሥራ ዘጠኝ ተቀምጦ ይጻፋል። አማርኛ «ሺህ» የሚል የራሱ ቃል ስላለው ዕቃ ሲቆጥር በመቶ መባዛት አያስፈልገውም፤ በመርካቶ 1966 ብር የሚያወጣ ዕቃ «አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስድስት ብር» ነው። አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ግን «አሥራ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስድስት» ይባላል እንጂ «አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ» የሚለው ሰው ጥቂት ነው፤ አንድ ቁጥር፣ ብር ሲሆን በአማርኛ አሠራር፣ ዓመት ሲሆን በግዕዝ አሠራር ይነበባል። ይህ ልዩነት እስከ 1999 ዓ.ም. ጸንቶ ቆየ። 2000 ዓ.ም. ሲገባ የቀን መቁጠሪያዎች እንደ ጥንቱ ፳፻ ብለው ቢያትሙም፣ ይህን «ሃያ መቶ» ብሎ ያነበበ አልነበረም፤ ሕዝቡ «ሁለት ሺህ» አለ፣ ዓመቱንም ብሩንም በአንድ አሠራር መቁጠር ጀመረ። በመቶ የሚቆጥረው የግዕዝ ስልት ከዚያ ዓመት በፊት በተወለዱ ሰዎች የልደት ዘመን፣ በታሪክ መጻሕፍትና በአሮጌ ውሎች ላይ ብቻ ይነበባል።